የጠፉት እናት ብረቶች

መሳቢያው ባዶ ነበር። ኮሚሳር ብሩኖ ሄልቢግን የገረመው ግን ንጽህናው ነው። ጎንበስ ብሎ ጥጉን በጣቱ ዳበሰ፤ አንዲት ጉድፍ አላገኘም። ሌባ የገባበት መሳቢያ ብዙ አይቷል፣ እንዲህ ተጠርጎ የተተወ ግን አላጋጠመውም።

«መቼ ነው መጥፋታቸውን ያወቃችሁት?»

«ከምሳ ስመለስ» አለ ክሳቨር ፎግል። ፎግል የብራንት ፊደል ማቅለጫ አንጋፋ ቀራጭ ነው፤ ሽበቱ እስከ ጆሮው የወረደ፣ ሁለት እጁን የቆዳ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ቀብሮ የሚያወራ ሰው። «ጠዋት ነበሩ። ቆልፌ ወጣሁ። ስመለስ ቁልፉ ቦታው ነው፣ ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፣ እናቶቹ ግን የሉም።»

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የዘበኛው ድመት አታውቅም» አለ ፎግል። «ሌላው ሁሉ ያውቃል።»

እናት ብረት የሚሏት ጣት የምታህል የአረብ ብረት ዘንግ ናት። ጫፏ ላይ አንድ ፊደል ተገልብጦ ይቀረጻል። እሷን መዳብ ላይ በመዶሻ ይመቷታል፤ በመዳቡ ጉድጓድ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል፤ ማተሚያ ቤት የሚገባው ፊደል ከዚያ ይወለዳል። ከአንዲት እናት የሚወለደው ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም። የጠፉት እናቶች ደግሞ የተራ ፊደል አይደሉም፤ ማይንካይ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ዘመም ዓይነት ናቸው።

ቀጥ ብሎ የቆመውን ማይንካይ ያላየ የኦፈንባህ ከተማ ሰው የለም። ፊደሎቹ ከእግራቸው ሥር ወፍራም ጠፍጣፋ ጫማ ያደረጉ ይመስላሉ፤ ሠራተኛውም «ባለጫማው» ይለዋል። የቲያትር ቤት ማስታወቂያ ላይ አለ፣ የትንባሆ ቆርቆሮ ላይ አለ፣ የጋዜጣ ርዕስ ላይ አለ። አታሚዎች ግን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ዘንበል ያለ ወንድም ስጡን ሲሉ ኖረዋል፤ ለወይን ጠርሙስ፣ ለሠርግ ካርድ፣ ጸሐፊው ከመስመሩ መሃል ጠበቅ አድርጎ ሊናገራት ለሚፈልጋት አንዲት ቃል።

«ዓርብ ዕለት የአገሩ አታሚ ሁሉ እዚህ ነው» አለች ወይዘሮ ቴክላ ብራንት፣ የፋብሪካው ባለቤት። «ዘመሙን ላሳያቸው ነው የጠራኋቸው። ምን ልበላቸው ኮሚሳር? እናቶቹ ተሰርቀዋል፣ ልጆቹን እዩልኝ ልበል?»

«ሥር ያለው መሳቢያ ምንድን ነው?»

«መዳቦቹ» አለ ፎግል።

ብሩኖ ሳበው። መዳቦቹ ሁሉ በየቦታቸው ተደርድረው ይብረቀረቃሉ። ሌባው አልነካቸውም።

ሳጅን ኪስል፣ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ የሚገባ የብሩኖ የሥራ ባልደረባ፣ ከደረጃው እያለከለከ መጣ። «ምሳ ላይ ሁሉም አዳራሽ ነበሩ፣ ይመሰካከራሉ። ከማለስለሻ ክፍል ሴቶች አንዷ ብቻ አልነበረችም። ወይዘሮ ዶራ ዛውተር።»

«እሷን ተዋት። ፍርድ ቤት ነበረች። ቀጠሮውን ያስያዝኩላት እኔ ነኝ።»

ኪስል ጻፈው። ሲጽፍ ጢሙ ሥር ፈገግ ማለቱ አልቀረም፤ የጣቢያው ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጥ ያለውን ማይንካይ የቀረጸው የዶራ ባል ኤሚል ዛውተር ነበር። ዘመሙን ገና በወረቀት ላይ እየሞከረው ሳለ ወደ ምሥራቅ ግንባር ወሰዱት፣ በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ዶራ ጠበቀችው። ምርኮኞች በመጡ ቁጥር ፎቶግራፉን ይዛ ባቡር ጣቢያ ቆመች፤ ባለፈው መኸር የመጨረሻዎቹ ሲመጡም ቆመች፤ አየሁት ያላት የለም። ብሩኖ ደግሞ ሚስቱን ቦምብ ከበላበት ጊዜ ጀምሮ ዶራን ይጠብቃል። ጓደኞቹ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ሲያሾፉበት ኖረዋል። ዘንድሮ በበጋ ግን እሺ አለችው፤ ኤሚል ሞቷል ተብሎ እንዲታወጅ ትፈርማለች፣ የገና በዓል ሲደርስ ይጋባሉ። የምትፈርመው ዛሬ ነበር፤ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት።

ብሩኖ ጠዋት ሲላጭ ሲያፏጭ ራሱን ሰምቶ አፍሮ ነበር።

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኩርት ማይዘ ነው። ማይዘ እርሳስ አቅላጭ ነበር፤ በስካር ተባሮ ሲወጣ «ይህን ቤት ራሱን አቅልጬ ባልሸጠው» ብሎ በር ላይ ዝቶ ሄዷል። ቤቱ ሲደርሱ ጉንጩ አብጦ፣ በመሃረብ ታስሮ አገኙት።

«ዛሬ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?» አለው ኪስል።

ማይዘ ከኪሱ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ፈታ። ውስጡ ሥሩ የረዘመ መንጋጋ ነበር።

«ጥርስ ሐኪሙ ጋ። ጉልበቱን ደረቴ ላይ አድርጎ ነው የነቀለው። ሄዳችሁ ጠይቁት፣ የነከስኩት ጣቱ ይመሰክራል።»

ጣቱ መሰከረ።

ሁለተኛው አቶ ዲትስ ነው፤ የፍራንክፈርት ተፎካካሪ ቤት ሻጭ፣ ያን ዕለት ጠዋት በፋብሪካው በር ሲያንዣብብ የታየ። የፖም ወይን ቤት ውስጥ አይብና ሽንኩርት ከፊቱ አድርጎ አገኙት። አልደነገጠም።

«እውነት ነው፣ ዘመሙን ለማየት ነው የሄድኩት። አንድ ወረቀት ላይ ታትሞ አይቼው እንቅልፍ አጣሁ። በምሳ ሰዓት ግን እዚህ ነበርኩ፤ አስተናጋጇ ታውቃለች፣ ሂሳቡን ተከራክሬአለሁ።»

«ይከራከራል» አለች አስተናጋጇ ከወዲያ።

«ደግሞ ልንገርዎት ኮሚሳር» አለ ዲትስ፣ ሽንኩርቱን በቢላ እየገፋ። «እኔ ሌባ ብሆን መዳቦቹን ነው የምወስደው። መዳቡን ይዤ ዛሬ ማታ እርሳስ ባፈስበት ነገ አታሚ እጅ ይገባል። እናት ብረቱን ወስጄ ምን አደርገዋለሁ? ላሚቱ በረት ቆማ ቀንዷን መስረቅ አይሆንም? እናት ብረት የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ የቀረጸውን ሰው እጅ ለማየት።»

ብሩኖ ይህን በልቡ ያዘ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

*

ያን ዕለት አመሻሽ ዶራን ማይን ወንዝ ዳር አገኛት። እንደ ወትሮዋ የማለስለሻው ሴቶች አውራ ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁትን የቆዳ ቁራጭ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታው ከነፋሱ ጋር ይመጣል፤ ሁለቱም ከለመዱት ቆይተዋል።

«ፈረምሽ?»

«ሰው በዝቶ ነበር» አለች፣ ወንዙን እያየች።

«ለነገ ቀጠሩሽ?»

«እንግዲህ አያለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ብሩኖ «እንግዲህ አያለሁ» ለሚል ሰው ሦስት ጥያቄ ያከታትልበት ነበር። ዶራን ግን አልጠየቃትም። የሚፈራውን ነገር ሰው አይጠይቅም።

እሷ ከሽርጧ ኪስ አንዲት የእርሳስ ፊደል አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረች። «ይቺን እያት እስኪ። ቀጥ ያለውን ባለጫማ መቅረጽ ያን ያህል አይደለም። ቆሟል፣ ጫማውን አድርጓል፣ አለቀ። ሲዘም ነው ጉዱ። አካሉ ልሂድ ይላል፣ ጫማው ከባድ ነው፣ አልሄድም ይላል። ሌሎቹ ቤቶች ቀጥ ያለውን ገፍተው ያዘምሙትና የሰከረ ወታደር አስመስለው ይሸጡታል። ይሄ ግን የኋላውን ጫማ አውልቆ የፊቱን ብቻ ነው ያደረገው። ሊሄድ የተነሳ ሰው አይመስልም?»

«ፎግል ጎበዝ ነው ማለት ነዋ።»

«ፎግል» አለች ዶራ። «ፎግል ቡና ሲጠጣ አይተኸው ታውቃለህ? ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው የሚቀረው።»

ብሩኖ ሳቀ። እየሳቀ የሚያየው አውራ ጣቷን ነበር፤ ቆዳውን አውልቆ ጣቷን በእጁ ውስጥ ለመያዝ ስንት ዘመን ተመኝቷል። ገና ሲደርስ ይህ ጣት የእኔ ቤት ማንኪያ ይይዛል እያለ ያስባል። ዶራ ፊደሏን ከመዳፉ አንስታ ወደ ኪሷ መለሰች።

«ብርድ ነው። ልግባ» አለች።

*

በማግስቱ ብሩኖ እንደገና መሳቢያው ዘንድ ቆመ። ሌሊቱን ንጽህናው ከሐሳቡ አልወጣ ብሎት ነበር።

«አቶ ፎግል፣ መሳቢያችሁን ማን ነው የሚጠርገው?»

«ማንም። መጥረግ ክልክል ነው። እናት ብረት በዘይት ነው የሚተኛው፤ ዘይቱን ጠርገህ ብታስቀምጠው በወሩ ይዝጋል። ከቀራጭ ወገን እዚህ ውስጥ ብሩሽ የሚያስገባ ሰው እጁ ይቆረጥ ነበር።» ፎግል አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ፤ ትናንት በድንጋጤ ሳያስተውለው የቀረውን አሁን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው ይህን የጠረገው?»

ብሩኖ መሳቢያውን ጨርሶ አወጣው። ከማዕዘኑ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ጠንካራ የአሳማ ፀጉር ተሰክታ ነበር። በወረቀት ጠቀለላት።

ፎግል እጆቹን ከሽርጡ ኪስ ሳያወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል፤ የሰውየው አኳኋን ያን ዓይነት ነበር። ብሩኖም አየው፣ ለጊዜው አለፈው።

ቀጥሎ ማለስለሻ ክፍል ገባ። ሴቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከቀለጠው የወጡትን ፊደሎች ትርፍ ጅራታቸውን ይሰብራሉ፣ ጎናቸውን ድንጋይ ላይ ያሻሉ፣ በጣት እየዳበሱ ይለያሉ። ፊሽካው ተነፋ። ወዲያው ሁሉም፣ ወሬያቸውን እንኳ ሳያቋርጡ፣ የአሳማ ፀጉር ብሩሻቸውን አንስተው መደርደሪያቸውን ጥግ ለጥግ ጠረጉ፤ የእርሳስ ብናኝ ከፊደሉ ሥር ከገባ ፊደሉ አይተካከልምና እጃቸው ሳያዝዙት ይጠርጋል። ከመካከላቸው አንዲት ወፍራም ሴት ሳይታወቃት የኪስል ባርኔጣ ያረፈበትን ጠርዝ ሁሉ ጠረገች።

«እኔንም ልትጠርጊኝ ነው?» አላት ኪስል።

«እርስዎን ለመጥረግ አካፋ ነው የሚያስፈልገው» አለችው። ክፍሉ ሳቀ።

ዶራም በጠረጴዛው ዳር ነበረች። አልሳቀችም። ብሩሿን አስቀምጣ ብሩኖን ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አያት።

ውጭ ሲወጡ ኪስል ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ የወሰደችው ከዚህ ክፍል ሴቶች አንዷ ናት። ሌሎቹ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ ወጥ ቤቷ አይታቸዋለች። የቀረችው…» ቆመ። «የእሷን ምስክርነት የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ ብሩኖ።»

«አውቃለሁ።»

«ልሂድና ልጠይቅ ፍርድ ቤቱን?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አስታወሰ። «ወይዘሮ ዛውተር? አልመጣችም። ወረቀቷን አዘጋጅቼ ምሳዬን ሳልበላ ጠበቅኋት። እኔማ እርስዎ ይዘዋት ይመጣሉ ብዬ ነበር።»

ብሩኖ አመስግኖት ወጣ። በሥራው ስንቱን ሰው ያለ ማጣራት አትመኑ እያለ ሲገሥጽ ኖሮ፣ ሳያጣራ ያመነው አንድ ምስክር ራሱን ነበር።

*

ቀደም ሲል ያየው አኳኋን ከንክኖት ፎግል ቤት ሲደርስ ሽማግሌው ብቻውን መስኮት ዳር ተቀምጧል። ብሩኖ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተናገረ።

«የወሰደችው ዶራ ናት።»

ፎግል እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ከእንግዲህ ሊሸሽጋቸው አቅም አልነበረውም፤ ሁለቱም እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። ፊቱን በእነሱ ሸፈነ።

«እንግዲያው አውቃለች» አለ።

«ምኑን?»

«እነዚህ እጆች ዘመም ፊደል የሚቀርጹ ይመስልዎታል ኮሚሳር? ቁልፍ ቀዳዳ እንኳ አያገኙም። እኔ መዳቡን ነው የመታሁት፣ እሱንም ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ። የቀረጸው ኤሚል ነው።»

ብሩኖ ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ።

«ከሁሉ ኋላ ነው የመጣው፣ ከሆስፒታል፣ ብቻውን። የሚጠብቅ ሰው ከጣቢያው ካለቀ በኋላ። ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ። እሑድ ቀን ኦፈንባህ ወረደና ወደ ቤቱ በወንዙ ዳር አደረገ።» ፎግል ብሩኖን ሳያየው ቀጠለ። «እዚያ እርስዎንና እሷን አያችሁ። ክንድዎን ይዛ ነበር። ትስቅ ነበር አለኝ። ጎንበስ ብላ፣ ሆዷን ይዛ። እኔ ካገባኋት ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ጋ መጣ። አንድ ሌሊት አደረና ሃይንሆፍ ሄደ፣ ሽፔሳርት ተራራ ውስጥ ካለች መንደር። በእናቱ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው። ሰዓት ይጠግናል። ብረቱን ስልክለት ዘመሙን ቀረጸልኝ፣ አስምሎኝም ነበር። ‹ታገሳት› አለኝ፤ ‹ስትፈርም እኔም አርፋለሁ›።»

ኋላ ሽማግሌው ወደ ብሩኖ ተጠጋ።

«እንግዲህ ኮሚሳር፣ ለእርስዎም ይበጃል። መኖሩን ብታውቅ እንኳ የት እንዳለ አታውቅም። እኔ ብትገድለኝ አልነግራትም። እርስዎም ዝም ይበሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ትንሽ ታለቅስና ይወጣላታል። እሱ ራሱ የመረጠው ነገር ነው፣ ማን ያስገደደው አለ?»

ብሩኖ ወጣ። ከዚያ ቤት እስከ ዶራ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደው አያውቅም። ቀንቶ ነበር። የሞተ ሰው መቃብር ላይ አበባ ማኖር ቀላል ነው፤ ሰዓት እየጠገነ በሚኖር ሰው መቅናት ግን እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል። ፎግል ያለው ነገር ደግሞ እውነት ነበር። አንድ ቃል ባይናገር ገና ይመጣል፣ ዶራም ትመጣለች። ማንም ሌባ አይለውም።

*

ዶራ በሩን ሳትቆልፍ ነው የጠበቀችው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፎ እናት ብረቶቹ ተደርድረዋል። በዘይት ቀብታቸዋለች።

«ስትመጣ ዘገየህ» አለችው።

«መሳቢያውን ጠርገሽው ነበር።»

«ምን?»

«ብረቶቹን ካወጣሽ በኋላ። ጠርገሽዋል።»

ዶራ አሰበች፤ ትዝ አላላትም። እጇን አየችውና ሽርጧ ላይ ጠረገችው። ከዚያ አንዱን ብረት አንስታ ወደ መብራቱ አቀረበችው።

«የመጀመሪያዎቹ የእርሳስ ፊደሎች ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጡ ከእግራቸው ሥር ዳበስኳቸው። ጫማቸው ሥር ትንሽ ጎድጎድ ይላሉ፤ ሲታተም ቀለም እንዳይወፍርባቸው ነው። ኤሚል ነበር እንዲህ የሚያደርግ። ፎግል ከእሱ ተምሮ ይሆናል አልኩ። ግን ሌሊት አልተኛ አልኩ። ለማወቅ ብረቱን ማየት ነበረብኝ። ብጠይቀው አያሳየኝም፤ ሰርቄ አየሁት።» ብረቱን አዞረችለት። «የሞረዱን መስመር እየው። ቀኝ እጅ ሲሞርድ መስመሩ ወዲህ ይወርዳል። ይሄ ወዲያ ነው የሚወርደው። በዚያ ቤት ግራኝ የነበረው አንድ ሰው ነው።»

ብሩኖ ከልማዱ የፖሊስ ጥያቄ ጠየቀ። «ከመዝመቱ በፊት ቀርጿቸው ቢሆንስ?»

«የድሮው ብረት አራት ማዕዘን ነበር። ይሄ ክብ ነው፤ ዘንድሮ ነው ፋብሪካው የገዛው።» ብረቱን ፎጣው ላይ መልሳ አስተኛችው። «በሕይወት አለ ብሩኖ። ፎግል የት እንዳለ ያውቃል፣ ለእኔ ግን ቢሞት አይነግረኝም። ለአንተ ይነግርሃል ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

ብሩኖ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነገረህ?»

ብሩኖ ‹አልነገረኝም› የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ ያዛት። ምላሱ ላይ አገላበጣት። ዶራ ታምነዋለች፤ እስከ ዛሬ ዋሽቷት አያውቅም። ይህች ሴት በየጣቢያው ፎቶግራፍ ይዛ ስትቆም ከኋላዋ ጃንጥላ ይዞ የቆመው እሱ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔርን እንዳይመጣ አድርግልኝ ብሎ ይለምን እንደነበር አታውቅም።

«ሃይንሆፍ» አለ። «ሽፔሳርት ውስጥ። ሰዓት ይጠግናል።»

ዶራ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ለምን አልመጣም?» አለች።

«መጥቶ ነበር። ባለፈው ክረምት። ወንዝ ዳር አንቺንና እኔን አየን። ትስቂ ነበር።»

ይህን ስትሰማ ነው ፊቷ የተሰበረው። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን ላይ ነበር የሳቅኩት?»

ብሩኖ ያስታውሳል። ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶበት በረዶው ላይ ወድቆ ነበር፤ ሊያነሳው ሲል ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ፤ አንዲት ዳክዬ መጥታ ባርኔጣው ውስጥ ገባች። ዶራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሕይወቱ ከዚያ ቀን የሚበልጥበት የለም፤ ሌሊት ሲተኛ የሚያየው እሱን ነው።

«አላስታውስም» አላት።

ዋሽቷት አያውቅም ነበር። ይህቺን ዋሸ፤ ያን ሳቅ ይዛው ወደ ባሏ እንዳትሄድ። ቢያንስ እሱ ይቅርልኝ ብሎ።

ዶራ ፎጣውን ከነብረቶቹ ጠቅልላ ሰጠችው። «ልትከሰኝ ትችላለህ።»

«በመኪናዬ ላድርስሽ ነገ?»

«አይሆንም። በአውቶቡስ እሄዳለሁ።» በሩ ድረስ ሸኘችው። አውራ ጣቷ ያለ ቆዳው ነበር፤ ጉንጩን ዳሰሰችበት። «አንተ ባትሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አልደርስም ነበር» አለችው። ብሩኖ ይህን ቃል ለምስጋና ይሁን ለስንብት መለየት አላስፈለገውም።

*

ለወይዘሮ ቴክላ ብራንት ብረቶቹን ሲያስረክብ ሌባው ማን ነው ብላ አፋጠጠችው።

«ሌባ የለም» አለ። «ከፋብሪካው ሰው አንዱ ጉድለት እንዳለባቸው ሊመረምር ወስዷቸው ኖሯል።»

«ታዲያ ጉድለት አለባቸው?»

«የለባቸውም። ይህን የቀረጸ እጅ አርጅቶ አይደለም፣ ናፍቆ ነው የቀረጸው።»

ወይዘሮዋ ፖሊስ ቅኔ ሲናገር ሰምታ ስለማታውቅ ነገሩን አልገፋችበትም። ፎግል ከበስተኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ዓርብ ዕለት አታሚዎቹ መጡ፣ ዘመሙን አዩ፣ ያዘዙትም በረከተ። ኪስል ደግሞ የብሩኖን ምስክርነት የጻፈበትን ገጽ ሳይጠየቅ ቀደደው፤ ሁለቱም ስለዚህ አላወሩም።

ዶራ ረቡዕ ጠዋት ሄዳ ነበር። በዚያ ሳምንት ማለስለሻ ክፍል አልገባችም።

እሑድ አመሻሽ ብሩኖ ትንባሆ ልግዛ ብሎ ወጣ። የሽፔሳርቱ አውቶቡስ የሚቆምበት ፌርማታ ከትንባሆ ቤቱ ጋር አይገናኝም፣ ግን እዚያ ደረሰ። አውቶቡሱ መጣ፤ ገበሬዎች፣ ዶሮ የያዘች ሴት፣ ሁለት ወታደሮች ወረዱ። ሰኞም ከሥራ በኋላ ሄደ። ማክሰኞ ዝናብ ስለነበር አልሄድም ብሎ ወስኖ ነበር፤ ሄደ።

ያን ዕለት ተሳፋሪው ወርዶ ካለቀ በኋላ ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ኮሚሳር ሄልቢግ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሃይንሆፍ ላይ አንዲት ሴትዮ መልእክት ሰጥታኝ ነበር። ፌርማታው ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ ብላ። እኔ እንኳ በዚህ ዝናብ ማን ይቆማል ብያት ነበር።»

«ምን አለች?»

«‹ቤትህ ግባ፣ ይበርድሃል› በልልኝ አለች።»

ብሩኖ ከባርኔጣው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጁ ጠረገ። «ብቻዋን ነበረች?»

ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ አሰበ። «አይ፣ አይደለችም። አንድ ሰውዬ ዘንቢሏን ይዞላት ነበር።»

አውቶቡሱ ወደ ማደሪያው ታጠፈ። ብሩኖ የኮቱን ኮሌታ አቆመ፤ እንዳለችውም በርዶት ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ የሚመጣ አንድ አውቶቡስ እንደቀረ ያውቅ ስለነበር ወደ ቤቱ አልሄደም።